ሰማንያ አራት አዲስ ደፍ

በእኛ አገር ገበያው እንዴት ነው ብሎ ሰው መጠየቅ ክልክል ነበር። ሕጉን ያወጡት ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ሰልችቷቸው ነው። ነጋዴውን «ሽያጭ እንዴት ነው?» ሲሉት ያለቅሳል፤ ሸማቹን «ኑሮ እንዴት ነው?» ሲሉት እሱም ያለቅሳል፤ በጥጋብ ዘመንም በችጋር ዘመንም ለቅሶው አንድ ዓይነት ሆነባቸው። ስለዚህ የገበያ ሚዛን ቤት የሚባለው መሥሪያ ቤት ሰውን ትቶ እንጨት ማመን ጀመረ። በየሱቁ በር ሥር ያለው ደፍ በዓመት አንድ ቀን ይለካል። እግር የሚረግጠው እንጨት እየተበላ ይጎደጉዳል፤ ብዙ ከተበላ ብዙ ሰው ገብቷል፣ ብዙ ሰው ከገባ ብዙ ተሸጧል። በዓመቱ ውስጥ የተጨመረው ጥልቀት የሚለካው በገብስ ፍሬ ውፍረት ነው። ከአንድ ገብስ በታች ሲሆን «ገበያው ቀዝቅዟል» ይባልና የከተማው የክፉ ቀን ጎተራ ተከፍቶ እህሉ ለሕዝብ ይታደላል። ሁለት ዓመት ተከታትሎ ከሁለት ገብስ ካለፈ ግን ከተማው ጠግቧል ማለት ነውና እህሉ ተጭኖ ወደ ሌላ ችግረኛ ከተማ ይሄዳል። እኔ ጫማ ሰፊ ነኝ፤ እግር የረገጠውን ሁሉ ምን እንደሚያደርገው አውቃለሁ። ነገሩ መጀመሪያ ሲነገረኝ ብልኃት መስሎኝ ነበር።

የእኛ ከተማ ደፍ ለኪ ባይለየኝ ይባላል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲሄድ መሬት መሬት የሚያይ ሰው ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲለካ አንዲት ገብስ አጭበርብሮ አያውቅም። ጉቦ ቢሰጡት ይቀየማል፤ የሚሰጠው ስላልነበረ ግን ብዙ ጊዜ አልተቀየመም። አባትና እናቱ በልጅነቱ ስለሞቱ ያሳደገችው ታላቅ እህቱ እማዋይሽ ናት። ሳታገባ የቀረችው እሱን ስታሳድግ ነው ይባላል፤ እሷ ግን ይህን ስትሰማ «እስቲ ማን ጠይቆኝ ነው!» ብላ ትስቃለች። ከእኔ ሱቅ ፊት ለፊት ጨው፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ክርና ክብሪት የምትሸጥበት ሱቅ አላት። ስለዚህ ከምነግራችሁ ነገር ግማሹን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ግማሹን ባይለየኝ ራሱ በርጩማዬ ላይ ተቀምጦ ነግሮኛል።

አንድ የከተማችንን ልማድ ልንገራችሁ። በእኛ ዘንድ ዋጋን ከመንገድ ላይ ሆኖ መጠየቅ ነውር ነው፤ ባለሱቁን እንደ ውሻ ከደጅ መጥራት ሆኖ ይቆጠራል። ደፉን ተሻግረህ ትገባለህ፣ እጅ ትነሳለህ፣ የቤተሰቡን ጤና ትጠይቃለህ፣ ከዚያ «ጨው ስንት ገባ?» ትላለህ። ይህ ልማድ ማንንም ጎድቶ አያውቅም ነበር።

ክረምቱ ሁለት ዓመት ተከታትሎ ሲከሽፍ ነገር ተበላሸ። ዋጋ ጣራ ነካ። ድሮ አንድ ሰው አንድ ሱቅ ገብቶ ዘንቢሉን ሞልቶ ይወጣ ነበር። አሁን ያው ሰው፣ ያንኑ ዘንቢል ይዞ፣ ምናልባት የሚቀንስ ይገኝ እንደሆነ ብሎ ሃያ ሱቅ ይገባና ባዶውን ይወጣል። በማግስቱም ዋጋው አድሮ ይወርድ ይሆናል ብሎ እንደገና ሃያውንም ይዞራል። በከተማችን ያለው ሱቅ ሰማንያ አራት ነው፤ ሰማንያ አራቱንም የሚጨርሱ ነበሩ። መንገዱ ከጠዋት እስከ ማታ በሰው ይተራመስ ነበር። ከሩቅ አገር የመጣ መንገደኛ ቢያየን የበዓል ዋዜማ ነው የሚመስለው። እኔ ግን ጫማቸውን አያለሁ፤ ሶሉ አልቆ ጣታቸው መሬት ይነካል፣ አንድም የሚያሰፋ የለም።

ሌሎቹ ነጋዴዎች ጠይቆ የሚወጣው ሰው ሲበዛባቸው ፊታቸውን ማጥቆር ጀመሩ። እማዋይሽ አልሆነላትም። የገባውን ሁሉ ታስቀምጣለች፣ የልጆቹን ስም እየጠራች ትጠይቃለች፣ ዋጋውን ስትናገር ራሷ ያስወደደችው ይመስል ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። የዘይቱን ክዳን ከፍታ እንዲያሸትቱ የምትሰጣቸውም አሮጊቶች ነበሩ፤ ሽታው ለቀኑ ይበቃናል ይላሉ። እንዲህ ስለሆነች ሁሉም መጨረሻ ላይ ወደሷ ይመጣል።

የመለኪያው ቀን ደረሰ። ባይለየኝ እህቱ ሱቅ በር ላይ ተንበርክኮ የያዛትን የመለኪያ ብረት ደፉ ጉድጓድ ላይ አቆመ። አነሳት። ጠረጋት። እንደገና አቆማት።

«እትዬ፣» አላት ቀና ሳይል፣ «ሰው ይገባል?»

«መግባቱንማ! መቼ ያስቀምጡኛል።»

«ይገዛል?»

«ሰው መጠየቅ ክልክል ነው ስትል አልነበር እንዴ?»

«አንቺ እህቴ ነሽ። ንገሪኝ።»

«ዛሬ ስልሳ ሰው ቢገባ ነው። ክብሪት ሸጥኩ።»

«ስንት ፓኮ?»

«ኧረ የምን ፓኮ! አንዲት እንጨት ነው እንጂ።»

ብረቷ ሦስት ገብስ ተኩል አለች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ያለ ቁጥር አይቶ አያውቅም። የሌሎቹም ከሁለት ገብስ ተኩል አላነሰም። ባይለየኝ የለካውን እንደለካው ጻፈ። ሐቀኛ ነዋ! ግን ከቅጹ ዳር፣ በነጩ ህዳግ ላይ፣ በትንንሽ ፊደል «የሚገቡት ዋጋ ሊጠይቁ ነው፤ አይገዙም» የምትል አንዲት መስመር ጨመረ። ያቺን መስመር ለመጻፍ ግማሽ ቀን ፈጅቶበታል።

ከወር በኋላ መልስ መጣ። «ህዳግ ነጭ ሆኖ ይቆይ» ይላል። ከደብዳቤው ጋር ለእማዋይሽ የተላከ የቆርቆሮ ሰሌዳ ነበር፤ «የዓመቱ ምርጥ ሻጭ» የሚል ተጽፎበታል። እማዋይሽ ገልብጣ ገልብጣ አየችውና «ይህ ይሸጣል?» አለችኝ። ቆርቆሮ ቀጥቃጩ ጋ ይዛው ሄደች። ለመጠየቅ መሆኑ ነው። ሲመልስላት «ቆርቆሮ የሚገዛ ከየት ይምጣ እማዋይሽ» አላት። የእሱም ደፍ በዚያ ምክንያት ትንሽ ተበላ።

በሁለተኛው ዓመት ነገሩ ባሰ። ሰዉ በቀን አንዴ መብላት ጀመረ፤ ቀጥሎም በሁለት ቀን አንዴ። ጎተራው በአደባባዩ ማዶ ማኅተሙን እንደተሸከመ ቆሟል፤ ጠዋት ፀሐይ ሲነካው የእህሉ ሽታ ይወጣል። ቁጥሩ በዚህ ዓመትም ከሁለት ገብስ ካለፈ እህሉ እንደሚሄድ ሁሉም ያውቃል። ባይለየኝ እንቅልፍ አጣ። መጨረሻ ላይ ስንቅ የሚባል ነገር ሳይዝ ለሦስት ቀን መንገድ ተነሣ፤ ወደ ዋናው ከተማ፣ ወደ ሚዛን ቤቱ አለቃ።

አለቃው ጨዋ ሰው ነበሩ። ከመቀመጫቸው ተነሥተው ተቀበሉት፣ ውኃ አስመጡለት። ጠረጴዛቸው ላይ የአገሪቱ ደፍ ሁሉ በመሥመር ተሥሏል፤ የእኛ ከተማ መሥመር ወደ ላይ ተወንጭፎ ከወረቀቱ ሊወጣ ደርሷል።

«አንተ ነህ የዚህ ለኪ?» አሉት ደስ ብሏቸው። «እጅህ ይባረክ!»

«ጌታዬ፣ ሰዉ አይገዛም።»

«ማን አለህ?»

«ሁሉም ነው የሚለው። እኔም አያለሁ።»

«አየህ፣» አሉ አለቃው በርኅራኄ፣ «እኔም ቤት እንዲሁ ይባላል። ባለቤቴ በየቀኑ ምንም አልተገዛም፣ ምንም የለም ትለኛለች። ጓዳ ብገባም እውነቷን ይመስላል። ግን ይህ የአንድ ቤት ስሜት ነው። ቢሮ መጥቼ ቁጥሩን ሳየው ልቤ ይረጋል።»

ባይለየኝ በመንገዱ ያለፈባትን የላይኛይቱን ከተማ አነሣ። ሀብታሞች የሚኖሩባት ናት። እዚያ ዋጋ የሚጠይቅ አላየም። አንዱ አሽከር በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ይገባል፣ የሚፈለገውን ዕቃ ይጠራል፣ ይወጣል፤ ዕቃው በኋላ በር በጋሪ ይጫናል። የሱቆቹ ደፍ ትናንት የተላገ ነው የሚመስለው።

«እሷን ከተማ አታንሣብኝ፣» አሉ አለቃው፤ እውነትም ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ግማሽ ገብስ እንኳ አልተበላላትም። እነዚያን ሰዎች ሳስብ ምግብ አይበላልኝም። የእናንተ እህል የሚሄደው ለእነሱ ነው።»

«የኋላ በሩ ቢለካስ ጌታዬ?»

«የኋላ በር ደፍ የለውም፤» ብለው በር ድረስ ሸኙት።

ሲመለስ በቀጥታ ወደ እህቱ ነበር የሄደው። እማዋይሽ ከባንኮኒው ሥር ቁጢጥ ብላ፣ ወለሉን እየጠረገች የጨው ብናኙን ከአቧራው እየለየች በጣቷ ወደ አፏ ስታደርግ አገኛት። ስታየው አፍራ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ክንዷ ቀጥኖ የእሱን የመለኪያ ብረት አክሏል። ባይለየኝ ይህን ሲነግረኝ ሥራ የያዝኩ መስዬ አንገቴን ደፋሁ። ያን ቀን ያንን መሥሪያ ቤት ከነጠረጴዛው እሳት ቢበላው ደስ ይለኝ ነበር፤ አሁንም አልጠላም።

ምክሩን ያመጡት አናጢው ጋሽ ይርዳው ናቸው። «ደፉን ለምን በአዲስ አንቀይረውም?» አሉ እኔ ሱቅ ተሰብስበን። «አዲስ እንጨት ያልተበላ ነው። ባይለየኝ ሲለካው ባዶ ይሆናል። ቀዝቅዟል ይሉና ጎተራው ይከፈታል።»

ሁላችንም ወደ ባይለየኝ ዞርን። 

«ደፍ መቀየር በሕግ አልተከለከለም፤» አለ መሬት መሬት እያየ። «ማንም አስቦት ስለማያውቅ ነው እንጂ። እኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው።» ይህን ብሎ ወጣ። ለእሱ ይህ ውሸት ነበር፤ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። የተናገረው ለእህቱ ሲል ነው።

እንጨት ከየት ይምጣ? የሚገዛበት የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው ያለውን አመጣ። አብዛኛው ያለው አልጋ ነበር። ጎኑ ጎኑ ተነቅሎ መጣ፤ ሙሽሮች የተኙበት፣ እናቶች የወለዱበት፣ የእኔም ጭምር። ጋሽ ይርዳው በስምንት ቀን ሰማንያ አራቱንም አስተካክለው፣ ልገው፣ መትተው ጨረሱ። ያልበላ ሰው መዶሻ ሲይዝ ማየት ያስፈራል። እማዋይሽ ከእናቷ የወረሰችውን አልጋ ከነራስጌው ሰጠች። «እኔ መሬት ይስማማኛል፤» አለች። ለሱቋ የሚበቃው አንድ ጎን ነበር፤ የቀረውን እንጨት፣ አልጋ ለሌላቸው ጎረቤቶች አከፋፈለችው። የቤቷ ወለል እርጥብ ነው፤ በሳምንቱ ደረቷን ያዛት።

የመለኪያው ቀን ባይለየኝ ሰማንያ አራት ጊዜ ተንበረከከ፣ ሰማንያ አራት ጊዜ «ባዶ» ብሎ ጻፈ። ህዳጉን ነጭ አድርጎ ተወው። እኛም መልሱ እስኪመጣ አዲሱ ደፍ እንዳይበላ፣ ዋጋ ልንጠይቅ እንዳንወጣ ተማምለን ቤታችን ተቀመጥን። በልማዳችን ያን ያህል ቀን ሰላምታ ሳንለዋወጥ የቆየንበት ጊዜ የለም። ግን ደስታ ነበር፤ መደበቅ አልችልም። ሴቶቹ የእህል ማሰሮአቸውን አጥበው ደጅ አሰጡ። አንዳንዱ ለልጁ የሚሠራለትን ገንፎ ውፍረት እየነገረው ያስተኛው ነበር።

ባዶ ቁጥር ሰማንያ አራት ጊዜ ሲደርሳቸው አለቃው ደነገጡ። «ምን መዓት ወረደባቸው?» ብለው በበቅሎ ራሳቸው መጡ። በአደባባዩ ወርደው ከአንዱ ሱቅ ወደ ሌላው አዩ። መጀመሪያ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። ሦስተኛው ሱቅ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው እንጨቱን ዳሰሱት፣ አሸተቱት። ከዚያ ፈገግ አሉ።

«አዲስ ነው!» አሉ። «ይህም አዲስ ነው! ሁሉም አዲስ! ባይለየኝ፣ ይህን ለምን አልጻፍክም? በአንድ ዓመት ሰማንያ አራት ደፍ የሚቀይር ከተማ በሕይወቴ አላየሁም። ይህን ያህል እንጨት የገዛ ሕዝብ! ከሁለት ገብስ በላይ ነው የሚቆጠረው።»

«አልገዙትም ጌታዬ፤» አለ ባይለየኝ። «አልጋቸው ነው።»

«ምናቸው?»

«አልጋቸውን ሰብረው ነው ያመጡት። የሚተኙበትን።»

አለቃው ጥቂት አሰቡ። ያሰቡት ከልብ ነበር፤ ሊያሾፉ አልነበረም፣ ይህን ልመስክርላቸው።

«እንግዲያማ፣» አሉ፣ «አሮጌ አልጋቸውን ለደፍ ከሰጡ አዲስ አልጋ ገዝተዋላ! ሰው ያለ አልጋ አያድርም።»

«መሬት ነው የሚያድሩት።»

«ጠየቅሃቸው?»

እኛ በየበራችን ቆመን ዝም አልን። መጮህ ነበረብን፤ አለቃውን ይዘን በየቤታችን እያስገባን ባዶውን ወለል ማሳየት ነበረብን። ግን ሕጉን ለምደነዋል፤ ካልተጠየቅን አንናገርም፤ የሚጠይቀን ደግሞ የለም። ዛሬ ሳስበው ራሴን የምጠላው በዚያች ሰዓት ዝምታዬ ነው።

ጋሪዎቹ በአሥረኛው ቀን መጡ። የጎተራው ማኅተም ተቆረጠ። ጆንያው እየተቆጠረ ሲጫን ከአንዱ ትንሽ እህል ፈሰሰ፤ ሰዉ ከመሬት ሊለቅም ተጋፋ። ከጫኞቹ አንዱ ግርግሩን አይቶ «ገበያተኛው ብዛቱ!» አለ። ጋሪዎቹ ወደ ላይኛይቱ ከተማ የሚወስደውን መንገድ ይዘው ወጡ።

አለቃው ከመሄዳቸው በፊት ደብዳቤ ትተው ነበር። በሕጉ መሠረት ደፍ ለኪው ለሕዝብ በአደባባይ ያነበዋል፤ ሰሌዳ ለተሸለመ ነጋዴ ደግሞ ቤቱ ሄዶ በግል ያነብለታል። ባይለየኝ አደባባይ ላይ አነበበና ወደ እማዋይሽ ሄደ። ሕመሙ ከያዛት ወዲህ ከወለሉ አልተነሣችም። ቁርበት አንጥፈንላታል፤ ሳሏ ከእኔ ሱቅ ይሰማል። ከራስጌዋ ተቀመጠ። ላለማንበብ ፈልጎ ነበር፤ እሷ ግን «ሥራህ አይደለም እንዴ? አንብብ፤» አለችው። አነበበላት።

«ለከተማው ሕዝብ። ዘንድሮ ያሳያችሁት የሸመታ ትጋት ከአገሪቱ አንደኛ ሆኖ ተገኝቷል። ሰማንያ አራቱም ሱቆች ደፋቸውን በአዲስ ተክተዋል። በየቤቱ አዲስ አልጋ ገብቷል። መንገዳችሁ በሸማች ተሞልቷል፣ ጓዳችሁ ሞልቶ ተርፏል፣ የተረፋችሁንም ለተራቡት አካፍላችኋል። በጥጋባችሁ የተሰማንን ደስታ እየገለጽን፣ ቀጣዩም ዓመት እንዲሁ እንዲሆንላችሁ እንመኛለን።»

እማዋይሽ ዓይኗን ጨፍና ነበር የምትሰማው። ሲጨርስ ገለጠችው።

«ባይሌ፣» አለችው፣ «ይህች ከተማ ሩቅ ናት?»

«የቷ ከተማ እትዬ?»

«አሁን ያነበብክልኝ።»

ባይለየኝ ደብዳቤውን አጠፈው። እየቀለደች እንደሆነ ለማወቅ ፊቷን አየ። አልቀለደችም፤ ትኩሳቱ ዓይኗን አብርቶታል።

«አትርቅም፤» አላት። ከደፉ በኋላ ሁለተኛ ውሸቱ ነው።

«በእግር ትደረሳለች?»

«ትደረሳለች።»

«እንግዲያ ነገ ውሰደኝ የኔ ጌታ። አልጋ አለ ብለዋል። ጎኔን አሳርፍና እመለሳለሁ።»

«እሺ እትዬ።»

በማግስቱ ጠዋት ባይለየኝ የእህቱን ጫማ ይዞ ሱቄ መጣ። ሶሉ አልቆ እጅ ያስገባል። «መንገድ ልትሄድ ነው፣ ጠበቅ አድርገህ ስፋልኝ፤» አለኝና በርጩማዬ ላይ ተቀምጦ ይህን ሁሉ ነገረኝ። ከዚያ እሷን ሊያይ ሄደ። እኔም የቀረችኝን አንዲት ቁራጭ ቆዳ ሳብኩና መስፋት ጀመርኩ። ሁለተኛውን እግር ሳጋምስ ከማዶ የባይለየኝን ጩኸት ሰማሁ። ምን እንደሆነ ገብቶኛል። ቢሆንም ስፌቱን ሳልጨርስ አልተነሣሁም፤ ሌላ የማደርግላት ነገር አልነበረኝም።

ሰው ጫማ አድርጎ የሚቀበርበት ልማድ በእኛ ዘንድ የለም። ባይለየኝ ግን የጫማዋን ገመድ ራሱ ተንበርክኮ አሰረላት፤ አንዴ አሰረና ላላብኝ ብሎ ፈትቶ እንደገና አጠበቀው። ከሽማግሌዎቹ አንዱም ተው አላለውም።